ምዕራፍ አምስት፦ የስም ባሕረ መዝገብ

ከሲኤምሲ አውራ ጎዳና ገባ ብሎ ባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የታክሲው ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ሳሊተ! ሳሊተ ምሕረት!» እያለ ሲጣራ ይሰማል፤ ስሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ተወስዶ በሰፈሩ ላይ መዋሉንም የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው፣ ይህ ስም በመጽሐፍ ሲጻፍ «ሰአሊተ ምሕረት» እንደሚባል፣ ትርጓሜውም ምሕረትን የምትለምን ማለት እንደ ሆነ፣ ለእመቤታችንም የተሰጠ ቅጽል መሆኑን ጨምሮ ያውቃል። ሰአለ ማለት ጠየቀ፣ ለመነ ማለት ነው። በሕዝብ አፍ ሲመላለስ ግን «ሰአ» የሚለው ሁለት ፊደል ተጠቅልሎ «ሳ» ሆነና፣ ዛሬ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፈውም፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያረቅቀውም በአንዱ ወይም በሌላው እየጻፈ ይኖራል፤ ታክሲው በሁለቱም ያደርሳል።

ይህን ስም ለምዕራፉ መግቢያ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በበይነ መረብ ላይ የአንድ ንግድ ቤት ስም የሚኖረው በመጠየቅና በመመለስ ነው፤ ጠያቂው ከጠየቀና ትክክለኛው መላሽ ከመለሰ ቤቱ አለ፣ ካልመለሰ ግን ግንቡ ቢቆምም ቤቱ የለም። ታክሲው የሚታገሠውን የአንድ ፊደል ልዩነት ደግሞ ማሽን ከቶ አይታገሥም፤ ለማሽን «ሰአሊተ» እና «ሳሊተ» የአንድ ቤት ሁለት አጠራር ሳይሆኑ፣ ሁለት ባለቤት ሊኖራቸው የሚችል ሁለት ቤቶች ናቸው።

ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፤ ይኸውም በነጥብ የተለያዩ፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ አራት ቁጥሮች፣ በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ ከዚህ እጅግ የረዘመ ሐረግ ነው። ሰው ግን ቁጥር በቃሉ ለመያዝ ይቸገራል፤ ቁጥርም ይለወጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የአገራችን የስልክ ቁጥር ወደ አሥር አሃዝ በተዛወረ ጊዜ በንግድ ላይ የነበረ ሰው፣ የሱቁን ሰሌዳ በቀለም መደለዙን፣ አሳትሞ ያልጨረሰውን ካርድ መጣሉን፣ አዲሱን ቁጥር ለደንበኛ ሁሉ ለማዳረስ መድከሙን አይረሳም። በመካከል አንድ ስም ቢኖር፣ ደንበኛው ስሙን ብቻ ቢይዝ፣ ስሙም ደንበኛውን ወደ አዲሱ ቁጥር ቢመራው ኖሮ ያ ሁሉ ቀለም ባልፈሰሰ ነበር። ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የዶሜን ስም የሚባለውም ደንበኛው የሚይዘው ያ ስም ነው።

በመጀመሪያ ጊዜ መረቡ ጠባብ ስለ ነበረ፣ ማን ምን ቁጥር እንዳለው የሚገልጸውን ዝርዝር በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኤልዛቤት ፋይንለር ይመሩት የነበረው ክፍል በአንድ መዝገብ ይይዘው ነበር፤ ሌላው ሁሉ ያንን መዝገብ እየቀዳ ይገለገልበት ነበር። መረቡ እየሰፋ ሲሄድ አንድ መዝገብ አልበቃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬ የምንገለገልበትን ሥርዓት ነደፉ። የሐሳባቸው ብልሃት በአንድ ቃል ይነገራል፦ ውክልና።

ይህን ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ምክንያቱም አባቶቻችን በዚህ ሥርዓት ሲተዳደሩ ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የእያንዳንዱን ጎጆ ባለቤት አያውቅም፤ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ግን ያውቃል፤ ገዥው የአውራጃውን፣ የአውራጃው የወረዳውን፣ የወረዳው ምስለኔውን፣ ምስለኔውም ጭቃ ሹሙን ያውቃል፤ ጭቃ ሹሙ የጎጆውን በር በጣቱ ያሳያል። እንግዲህ አንድ በዋሽንግተን የሚኖር ወንድማችን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የሚያርፍበትን የእንግዳ ማረፊያ ስም፣ ፍጻሜው «ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» የሆነውን፣ በስልኩ ላይ ቢጽፍ፣ ስለ እርሱ ሆኖ የሚጠይቅ አንድ ሰአሊ ኮምፒዩተር ይነሣና አስቀድሞ ወደ ሥሩ ይሄዳል። ሥሩ ከኤ እስከ ኤም ባሉት የላቲን ፊደላት የተሰየሙ 13 መላሾች ሲሆኑ፣ የሚያስተዳድሯቸው 12 ድርጅቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም በዓለም ላይ በብዙ ስፍራ ቅጂ አለው። ሥሩ «ማረፊያውን አላውቀውም፤ የኢቲን ሹም ግን እዚያ ታገኘዋለህ» ይለዋል። የኢቲ ሹም ወደ ኮም ኢቲ ይልከዋል፤ ያም «የዚህ ማረፊያ ወኪሎች እነዚህ ሁለት ኔም ሰርቨሮች ናቸው» ይለዋል፤ በመጨረሻ ኔም ሰርቨሩ ቁጥሩን ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ምልልስ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ ያልቃል። ሰአሊውም መልሱን ለተወሰነ ጊዜ በማኅደሩ ያኖረዋል፤ የሚያኖርበትን ጊዜ የሚወስነው ራሱ ባለ ስሙ ነው፤ ቲቲኤል በሚባለው መስመር 3600 ብሎ ከጻፈ አንድ ሰዓት፣ 86400 ብሎ ከጻፈ አንድ ሙሉ ቀን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ለኢትዮጵያ የተሰጠው «ኢቲ» የሚል ፍጻሜ በዓለም አቀፉ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1995 ሲሆን፣ የበይነ መረብ አገልግሎት በአገራችን ለሕዝብ የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው። ቤቱ ሳይሠራ ካርታው ወጣ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የመሬት ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የዚህ ፍጻሜ ዐቃቤ መዝገብ በመጀመሪያ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤታችን፣ በኋላም ወራሹ ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል።

አሁን ከሐተታው ወደ ሰፈሩ ልመለስ። በሰፈራችን አሥራ አራት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። እንግዶቻቸው አብዛኞቹ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለቤት ግዥ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ከመምጣታቸው በፊት በኢሜይል ይጽፋሉ፣ ክፍል ያስይዛሉ። ድረ ገጹን ከስምንት ዓመት በፊት የሠራላቸው አንድ የሰፈር ልጅ ነበር፤ በ«ኮም» የሚያልቅ ስም ገዛላቸው፤ ኢሜይሉንም በዚያው ስም አወጣላቸው፤ እርሳቸውም ስሙን በሰሌዳው፣ በፎጣው፣ በሳሙናው መጠቅለያ ሳይቀር አሳተሙት። በአንድ የገና ሰሞን፣ ገበያው በሚደራበት ጊዜ፣ ኢሜይሉ ከወራት ጀምሮ ጸጥ ማለቱን ልብ አሉ። እኔንም አስጠሩኝ።

«እስቲ ይህን እየው፤» አሉና ስልካቸውን ዘረጉልኝ፤ «ቤቴ ውስጥ ቁማር ገባ!»

እውነትም የማረፊያው ስም ሲከፈት የሚታየው በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ የሚብለጨለጭ የቁማር ማስታወቂያ ነበር።

«እትዬ፣ ዶሜኑ ኤክስፓየር አድርጎ ይሆናል» አልኋቸው።

«ምን አደረገ?»

«ጊዜው አልፎበት ይሆናል። በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

«በእኔ ነዋ! ሌላ በማን ይሆናል?»

መዝገቡን በስልኩ ላይ ከፈትንና አብረን አነበብነው፤ ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብ ነው። የባለቤቱ ስም ተሸፍኗል። የመዝጋቢው ድርጅት ስም አለ፤ እርሳቸው ሰምተውት አያውቁም። የምዝገባው ቀን የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ሁሉ ግልጥ ሆነ፤ የስምንት ዓመቱ ስም የሦስት ሳምንት ልጅ ሆኖ ተጽፏል። ይህ ማለት የቀድሞው ምዝገባ ፈርሶ፣ ስሙ ወደ ገበያ ወድቆ፣ የወደቀ ስም የሚጠባበቅ ሌላ ሰው እንደ አዲስ አስመዝግቦታል ማለት ነው።

እናቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የቤቴ ካርታ እኮ አልጋዬ ሥር በብረት ሣጥን ነው ያለው፤» አሉ፤ «የስሙስ ካርታ ማን ጋ ነበር?»

ስለዚህ ጉዳይ ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ብዙ ነጋዴ ስሙን ስለሚጠራበት፣ በሰሌዳው ስለ ጻፈው፣ ደንበኛም ስለሚያውቀው የእርሱ ይመስለዋል፤ ባሕረ መዝገቡ ግን የሚያውቀው ያንን አይደለም። ባሕረ መዝገቡ የሚያውቀው፣ በመዝጋቢው ድርጅት ዘንድ አካውንት የከፈተውን፣ የይለፍ ቃሉን የያዘውን፣ ማሳሰቢያው የሚደርሰውን ኢሜይል የሚከፍተውን ሰው ብቻ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በመረብ ላይ ግን ስምን የሚያወጣው የባንክ ካርድ ያለው ሰው ነው።

ለልጁ ደወልንለት። ከአገር ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። ድምፁ ሲሰማ እትዬ ቁጣቸውን ዋጡና በጤናው፣ በልጁ፣ በብርዱ ጀመሩ፤ ልጁም ነገሩን ሲሰማ አዘነ እንጂ አልካደም። ስሙን ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነበር፤ ክፍያውን በየዓመቱ የሚቆርጠው የአማቹ ካርድ ነበር፤ ካርዱ ተለወጠ፣ የድሮውንም ኢሜይል ትቶታል፤ ማሳሰቢያው ሁሉ ማንም በማያነብበው ሣጥን ውስጥ ተከማችቶ ቀረ። በደለኛ የለም። የአገራችን ነጋዴ በዶላር የሚከፍል ካርድ በእጁ ስላልነበረ፣ ያን 10 ወይም 20 ዶላር ለመክፈል የግድ በውጭ ያለ ዘመድ፣ ወይም ድረ ገጽ ሠሪ፣ ወይም የሠሪው ወዳጅ መፈለግ ነበረበት፤ የከፈለውም ሰው በራሱ ስም አስመዘገበ። በአዲስ አበባ ስንት ሆቴል፣ ስንት ክሊኒክ፣ ስንት አስመጪ ስሙ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እንዳለ ቢቆጠር የሚያስደነግጥ ይመስለኛል። ይህ ሠሪውን ሌባ አያሰኘውም፤ ነገር ግን ሲጣሉ፣ ሲሰደድ፣ ወይም እግዚአብሔር ያርቀውና ሲሞት፣ ንግድ ቤቱ ማንነቱን ከማን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስም ከርስት የሚለይበትን ነገር ልብ ማለት ይገባል። ርስት በዘር ይወርድ ነበር፤ የዶሜን ስም ግን ግብሩ በየዓመቱ ካልተከፈለ የሚነቀል ነው፤ ቢበዛ ለ10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፣ ለዘለዓለም ግን አይገዛም። በ«ኮም» በሚያልቁት ስሞች ዘንድ ቀኑ ካለፈ በኋላ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ድረስ ሊታገሥ ይችላል፤ ከተሰረዘም በኋላ የቀድሞው ባለ ስም በከባድ መቀጫ የሚዋጅበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው 5 ቀን ማንም የማይነካው ጸጥታ ነው፤ በስድስተኛው ቀን ስሙ ቀድሞ ለደረሰ ይሆናል። የእትዬ ስም ይህን ሁሉ ደረጃ ሲወርድ ኢሜይላቸው መቋረጡ ብቸኛው ደወል ነበር፤ ግን ደወሉን የሰማው ሰው አልነበረም። በትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የገና ዋዜማ ማይክሮሶፍት ኩባንያ «ፓስፖርት ኮም» የተባለውን ስሙን ማደስ ረስቶ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢሜይላቸው የሚገቡበት በር ሲዘጋ፣ 35 ዶላሩን ከኪሱ የከፈለለት አንድ የማያውቀው ቅን ሰው ነው። የእትዬ ስም ግን ያጋጠመው ቁማርተኛ ነበር።

ስም ሳይረሳም ይሰረቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 በኒው ዮርክ ጥንታዊ ከነበሩት የበይነ መረብ አገልግሎት ሰጪዎች አንዱ የሆነው ፓኒክስ፣ አንድ ቅዳሜ ስሙ ባለቤቱ ሳያውቅ በአውስትራሊያ ወዳለ ሌላ መዝጋቢ ተዛውሮ ተገኘ፤ የደንበኞቹ ኢሜይል ሁሉ ወደ ባዕድ እጅ ሲፈስ ሰነበተ። ይህን ለመከልከል የዝውውር ቁልፍ የሚባል ነገር አለ፤ በመዝገቡ ላይ «ዝውውር ተከልክሏል» የሚል መስመር ነው፤ መዝጋቢው በነጻ ያበራዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ባሕረ መዝገቡ ራሱ የሚዘጋው፣ ሰው በድምፅ ካላረጋገጠ የማይከፈት ሌላ ቁልፍ አለ፤ እርሱ ይከፈልበታል፤ ለባንክና ለአየር መንገድ የሚገባ ነው፣ ለአሥራ አራት ክፍል ማረፊያ ግን ብዙ ነው እላለሁ።

ሌባው ስሙን ለምን ይፈልገዋል ቢባል፣ ብዙ ሰው ድረ ገጹን ለማበላሸት ይመስለዋል። ድረ ገጽ ትንሹ ነገር ነው። በስሙ ሥር ከተጻፉት መስመሮች አንዱ፣ ኤምኤክስ የሚባለው፣ የቤቱ ደብዳቤ ወዴት እንደሚደርስ የሚያዝዝ ነው፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ ማለት ነው። ያንን አንድ መስመር የለወጠ ሰው የቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ይቀበላል። ዛሬ ደግሞ የባንኩም፣ የግብሩም፣ የሶሻል ሚዲያውም አካውንት «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ለሚል ሰው የሚከፈትበትን ቁልፍ የሚልከው በኢሜይል ነው። እንግዲህ ስሙን የያዘ ኢሜይሉን ይይዛል፤ ኢሜይሉን የያዘ ቤቱን ከነዕቃ ቤቱ ይይዛል። ቡና ላኪ ነጋዴ በጀርመን ላለ ደንበኛው የባንክ ቁጥሩን በኢሜይል ሲጽፍ፣ በመካከል የቆመ ሰው አንዲት አሃዝ ቢለውጥ የአንድ ኮንቴይነር ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢ ራሱ ይገምት። በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ሰርጎ መግባት በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ ሌባው ግን በሌላ አህጉር ተቀምጦ ከሆነ አዋጁ እስኪደርስበት ድረስ ገንዘቡ አይጠብቀውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ትንሽ ምክር አለ፤ ብዙ አዋቂዎች እንኳ ሲስቱት አይቻለሁ። የመዝጋቢውን አካውንት በዚያው ስም ባለ ኢሜይል መክፈት፣ የቤትን መለዋወጫ ቁልፍ ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ በሩን እንደ መዝጋት ነው፤ ስሙ የወደቀ ዕለት ስሙን ለማንሣት የሚያስፈልገው ኢሜይልም አብሮ ወድቋል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያለ፣ በሁለት ደረጃ የሚከፈት፣ ከአንድ በላይ ታማኝ ሰው የሚያውቀው ኢሜይል ያስፈልጋል።

ወደ ኔም ሰርቨሩ ልለፍ። ስሙ የእኔ ነው ካልሁ በኋላ ስለ ስሜ የሚመልሰው ማነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል፤ በዚህ ላይ ሰዎች ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲሠሩ አያለሁ። አንዳንዱ መላሹ ማን እንደ ሆነ ከቶ አይጠይቅም፤ ድረ ገጹን የሚያስተናግድለት ድርጅት ሁሉንም ይይዝለታል፤ ከድርጅቱ ሲጣላ ድረ ገጹን፣ ኢሜይሉን፣ መላሹን በአንድ ቀን ያጣል። ሌላው፣ ብዙ ጊዜ ጎበዝ የሆነና ኩራት የሚሰማው ወጣት ባለሙያ፣ «የራሳችንን እናቁም» ብሎ ከሱቁ ጓዳ አንድ ሰርቨር ያቆማል፤ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ መንገድ ቆፋሪ የፋይበሩን መስመር ሲበጥስ ስሙ ከዓለም ይሰወራል።

ሁለተኛውን ስሕተት የእኛ ብቻ አድርጎ ማሰብ አይገባም። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የማይክሮሶፍት ድረ ገጾች አንድ ቀን ለሚሆን ጊዜ የጠፉት፣ መላሾቹ አራት ቢሆኑም አራቱም በአንድ መረብ ላይ፣ በአንድ በር በኩል የሚደረስባቸው ስለ ነበሩ ነው፤ በበሩ ላይ አንድ ስሕተት ሲሠራ አራቱም አብረው ዲዳ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ደግሞ ፌስቡክ በጥገና ላይ ሳለ የውስጥ መስመሩ ተቋረጠና፣ መላሾቹ ከማእከሎቻቸው ጋር መገናኘት እንዳልቻሉ ሲያውቁ ራሳቸውን ከመረቡ አነሡ፤ ፌስቡክም፣ ኢንስታግራምም፣ ዋትስአፕም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ተሰወሩ። መሐንዲሶቹ የሚሠሩባቸው የውስጥ መሣሪያዎች በዚያው ስም ላይ የቆሙ ስለ ነበሩ ጥገናውን ለመጀመር እንኳ ተቸገሩ። ያን ዕለት ማታ በአዲስ አበባ ስልኩን እያጠፋ ያበራ፣ ቴሌን ያማ ሰው ሁሉ የሐሜቱ ባለ ዕዳ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ ዲኤንኤስን መቆጣጠር ማለት ብረቱን በጓዳ ማስቀመጥ ማለት አይደለም። ለትንሽ ቤት፣ ስሙ በአንድ መዝጋቢ ዘንድ፣ መላሹ በሌላ የታወቀ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ፣ ድረ ገጹም በሦስተኛው ዘንድ ቢሆን፣ ከሦስቱ አንዱ ሲያስቀይም ሌሎቹን ሳይነካ ይለወጣል። ለመካከለኛ ቤት፣ የራሱ ባለሙያ ላለው፣ «ስውር ቀዳማዊ» ብዬ የምጠራው ሥርዓት ይሻላል፤ ይኸውም ዋናው መዝገብ በራሱ ሰርቨር ላይ ሆኖ ከዓለም ተሸሽጎ ሲቀመጥ፣ ከእርሱ እየቀዱ ለዓለም የሚመልሱት ግን በተለያየ አህጉር፣ በተለያየ ድርጅት ሥር ያሉ ሁለት የኪራይ መላሾች ናቸው። ጓዳው መብራት ቢያጣም የኪራዮቹ መላሾች ቃሉን ይዘው ይቆያሉ፤ ከኪራዮቹ አንዱ ቢወድቅ ሁለተኛው አለ። ሁለተኛ መላሽ በሌላ መረብና በሌላ ስፍራ መሆን እንዳለበት የመረቡ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፈውት ነበር፤ ማይክሮሶፍት ከአራት ዓመት በኋላ ወደቀ።

በማንኛውም አኳኋን ግን መዝገቡን በወረቀት አትሞ መያዝ አይከፋም። የአንድ ተራ ንግድ ቤት መዝገብ ከአሥራ አምስት መስመር አይበልጥም፤ ድረ ገጹ ያለበት ቁጥር፣ ሁለት የደብዳቤ መስመር፣ በዚህ ቤት ስም ኢሜይል መላክ የሚችለው ማን እንደ ሆነ ለዓለም የሚመሰክሩ ሁለት ሦስት የጽሑፍ መስመር። ኋለኞቹ እንደ ማኅተም ናቸው፤ ከሌሉ ማንም ሰው በቤቱ ስም ደብዳቤ ጽፎ ሊልክ ይችላል፣ ተቀባዩም የሚያመሳክርበት የለውም። ድረ ገጽ ሠሪ ሲቀየር መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው፤ ምን ጥቅም እንዳላቸው የሚያውቅ ስለማይገኝ።

መልሱ በመንገድ እንዳይበረዝ በፊርማ የሚታተምበትም ሥርዓት አለ፤ ሥሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 በዚህ ፊርማ ታትሟል። ለዚያ ቁልፍ የሚደረገው ሥነ ሥርዓት የሚያስገርም ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ፣ በአሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ ባሉ ሁለት ምሽጎች፣ ከልዩ ልዩ አገር የተመረጡ ምስክሮች የየራሳቸውን ቁልፍ ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ብቻውን የሚከፍት የለም፤ እያንዳንዱ እርምጃ በካሜራ ይቀረጻል፣ በጽሑፍም ይታዘዛል። ሙዳየ ምጽዋት በሰበካ ጉባኤ ፊት ሲከፈት ያየ ሰው ከዚህ ሥርዓት መካከል ቢገኝ እንግዳ የሚሆንበት ነገር የለም።

የቀረው የፊደል ነገር ነው። ስማችን በላቲን ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ «ምሕረት» የሚለው ቃል ከኤም ቀጥሎ አይ ወይስ ኢ፣ ኤች አንድ ወይስ ከነጭራሹ የለም፣ እያለ ከአራት በላይ አጻጻፍ ያወጣል። በራሳችን ፊደል የዶሜን ስም ሲጻፍ ደግሞ የሃሌታው ሀ፣ የሐመሩ ሐ፣ የብዙኃኑ ኀ፣ የእሳቱ ሰና የንጉሡ ሠ ጉዳይ ይመጣል፤ ለጆሮ አንድ የሆኑ ለማሽን ልዩ ልዩ ናቸው። ሊሳሳቱ የሚችሉትን አጻጻፎች ሁሉ እየገዛ የሚኖር ነጋዴ ገንዘቡን ያባክናል፤ ሰው በብዛት የሚጽፋቸውን ሁለት ወይም ሦስት ግን መያዝ ይገባዋል።

ስምን በሕግ ማስከበርም ሌላው መንገድ ነው፤ በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ተሞክሮ አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት መዝገብ ለማስገባት ማመልከቻ ሲያቀርብ፣ ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ስም አስቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ኩባንያው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀብሎ ስምምነት ፈረመ። ገበሬው ስሙን በአፉ ሲጠራው መኖሩ አልበቃም ነበር፤ መዝገብ አስፈለገ። በዶሜን ስም ክርክርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የክርክር ደንብ፣ ተከራካሪው ስሙ ከንግድ ምልክቱ ጋር እንደሚምታታ፣ የያዘው ሰው መብት እንደሌለው፣ በክፉ ልብም እንዳስመዘገበው አንድ በአንድ እንዲያስረዳ ያዝዛል። የንግድ ምልክቱን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ያስመዘገበ ነጋዴ በዚህ ደንብ በሚዳኝ ሸንጎ ፊት በእጁ ወረቀት ይዞ ይቆማል፤ እትዬ ግን ያላቸው ፎጣና ሳሙና ነበር። በሸንጎው ለመከራከር የሚጠየቀው ገንዘብ የማረፊያውን የወራት ገቢ እንደሚበላ ስነግራቸው «ተወው፤ ቁማርተኛው ይብላው» አሉ።

አዲሱን ስም በጥር አወጣን። አንዱን በኮም፣ አንዱን በኮም ኢቲ፤ ሁለቱም በድርጅቱ ስም፣ በእትዬና በሴት ልጃቸው ሁለት ስልክ በሚከፈት አካውንት፤ የኮሙን ለአምስት ዓመት ከፈልን። የማስመለሻ ኮዶቹን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱን በብረት ሣጥኑ ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር አኖሩት። ሰሌዳ ጸሓፊው መሰላሉን ይዞ ሲመጣ «ሳሊተ ነው ሰአሊተ የምጽፈው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ለእግዚአብሔር ቤት ሰአሊተ፣ ለታክሲ ሳሊተ አልሁ። «እንግዶቼ የሚመጡት በታክሲ ነው» አሉ፤ እንዳሉት ተጻፈ። ከዚያም መነጽራቸውን አድርገው የዕድር ደብተራቸውን ገለጡና፣ ከወርኃዊው መዋጮ በታች፣ የሚታደስበትን ቀን አስጽፈውኝ፣ አጠገቡ በራሳቸው እጅ «የስም» ብለው ጨመሩበት።